ገዝቶ መልበስ እና ሰፍቶ መልበስ

ረዘም ያለ ነው። አሁን ጊዜ የሌላችሁ ሴቭ አድርጉትና ማታ ነፋሻው ሰዓት ላይ አንብቡት።

ሰሞኑን በመምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ ክርክር ተነስቶ ነበር። ርዕሱ ስልክ ነው፣ በተለይ ጌም። ክርክሩ ሲጀመር «ይከልከል» ነበር፣ ሲያልቅም «ይከልከል» ሆነ። መሃል ላይ ግን አንድ ባልደረባዬ፣ «እሺ መጫወታቸውስ ይሁን፤ ጭራሽ ሦስት ሰዓት ሙሉ አሻንጉሊት ሲያለብሱ ይዋሉ እንዴ?» አለ። ሁሉም ሳቀ፣ እኔም ሳቅኩ፤ ሰውዬው ሲናገር ያስቃል። ግን መልስ አለኝ፤ እዚያ ለማስረዳት ደወሉ አላደረሰኝም።

አሻንጉሊት የሚያለብሱት ልጆች ሁለት ዓይነት ናቸው። ገዝተው የሚያለብሱ አሉ፣ ሰፍተው የሚያለብሱ አሉ። እኛ ሁለቱንም «ጌመኛ» ብለን በአንድ ሙቀጫ እንወቅጣቸዋለን። ሐረር ጀጎል ውስጥ መኪና ግርግርን የማያውቅ ድሬ የለም፤ ስሙ ራሱ የስፌት መኪናው ድምፅ ነው። እዚያ ሄዶ ልብስ የሚገዛውንና እዚያ ቁጭ ብሎ መኪናዋን የሚያንቀጫቅጨውን «ሁለቱም ልብስ ይወዳሉ» ብሎ አንድ የሚያደርጋቸው ሰው አለ? የለም። ጌም ላይ ሲሆን ግን ልዩነቱ አይታየንም።

በገዢዎቹ ልጀምር፤ ብዙዎቹ እነሱ ናቸው።

አሁን ድሬ ላይ ልጆቹ ስልክ ላይ በብዛት የሚጫወቱት ፍሪ ፋየር እና ፐብጂ ነው። ፍሪ ፋየር በ2017 የወጣ የጋሬና ጌም ነው (ስለ ጌሞቹ የምጠራው ዓመት ሁሉ የፈረንጅ ነው)። ደካማ ስልክ ላይም ስለሚሠራ እኛ አገር ቶሎ ገባ። ኢንተርኔቱም ረድቷል፤ ሳፋሪኮም በኢትዮጵያ የመጀመሪያ የሙከራ አገልግሎቱን በነሐሴ 2014 ዓ.ም. የጀመረው እዚሁ ድሬዳዋ ነው፤ የዳታ ፉክክሩን መጀመሪያ ያየነው እኛ ነን። ጌሙ በነጻ ይወርዳል። ገንዘቡ ያለው ልብሱ ላይ ነው። ጃኬት፣ ጫማ፣ ጸጉር፣ የጠመንጃ ቀለም፣ ሁሉም በዳይመንድ ይገዛል፤ ዳይመንዱ ደግሞ በብር። በቴሌግራም የሚያሻሽጡ ልጆች አሉ፤ በቴሌብር ትልክላቸዋለህ፣ እነሱ ይሞሉልሃል።

ከፊራ ላይ ቲማቲም የምትሸጥ አንዲት እናት ትምህርት ቤት መጥታ ነበር። «መምህር፣ ልጄ ከቴሌብሬ 800 ብር አወጣ። የሚስጥር ቁጥሬን ያውቀዋል፣ እኔ ማንበብ ስለማልችል የሚልክልኝ እሱ ነው። ምን አደረግከው ስለው ጫማ ገዛሁበት አለ። ጫማውን አምጣው አልኩት። ስልኩን ከፍቶ አሳየኝ። እዚህ ውስጥ ነው አለኝ። አንተ ተማርክ አይደል፣ ይኼ ጫማ ከዚህ የሚወጣበት መንገድ አለ?» አለችኝ። (ድሬ ነው፤ አንቱታ አትጠብቁ።)

የሚወጣበት መንገድ የለም። እንደ መኪና ግርግር ልብስ ተለብሶ ሲያረጅ ለታናሽ ወንድም አይተላለፍም። ልጁ ያንን አካውንት ከጠፋበት ወይም ከታገደበት ጫማውም ሄደ። ከዚህ የሚብሰው ደግሞ የዕጣው ነገር ነው። አንዳንዱን ልብስ በቀጥታ አይሸጡልህም፤ ዳይመንድ ከፍለህ መንኮራኩር ታሽከረክራለህ፣ ይደርስህ ይሆናል፣ ላይደርስህም ይችላል። ቤልጅየም በ2018 በአንዳንድ ጌሞች ላይ ያለውን እንዲህ ያለ የተከፈለበት ዕጣ «ይኼ ቁማር ነው» ብላ በሕጓ ፈርጃዋለች። እኛ ጋ ግን አንድ የ15 ዓመት ልጅ መቆመሪያ ቤት ሲገባ ብናየው ጆሮውን ይዘን እናወጣዋለን፣ በስልኩ ሲያሽከረክር ግን «ቢያንስ ቤት ነው ያለው» እንላለን። በዚህ በኩል «ይከልከል» ያሉት ባልደረቦቼ እኔ ላይ ጠላት አይጨምሩ፤ ከእነሱ ጋር ነኝ።

አሁን ወደ ከባዱ ጥያቄ። ልጁ ለማይዳሰስ ጫማ 800 ብር የሚያወጣው ለምንድነው? «ደነዝ ስለሆነ» የሚለው መልስ መልስ አይደለም። ድሬ ነን እኮ አቦ! ታይዋን ገብቶ ሦስት ሱቅ ሳያስወርድ ሸሚዝ የማይገዛ ሰው የምንኖርባት ከተማ ናት። በሙቀቱ መሃል ሽርጡን አስተካክሎ፣ ኮፊያውን ሰክቶ፣ ሽቶ ተቀብቶ ካልሆነ ከቤት የማይወጣ ጎልማሳ የምናውቅ ሰዎች፣ ልጁ ሰው በሚያየው ቦታ መልኩ አሳሰበው ብለን ብንገረም አያምርብንም። ኦንላይን ጌም አደባባይ ነው። ሰው ያይሃል። አዲስ ሲሆን ደግሞ ጌሙ በነጻ የሰጠህን ልብስ ለብሰህ ነው የምትገባው፤ ያንን ልብስ የለበሰ ሁሉ በመጀመሪያ ቀን ይሰደባል። ልጆቹ ይኼን ያውቁታል።

ከልብሱ በላይ ያለው ደግሞ መልኩ ነው። አብዛኛው ሚና የምትይዝበት ጌም ሲጀምር ገጽ ይከፍትልሃል፤ ቆዳ ምረጥ፣ ጸጉር ምረጥ፣ አፍንጫ ምረጥ። ዝርዝሩን የሠራው ግን ሌላ ሰው ነው። አንተ የምትመርጠው እሱ ካሰበው ውስጥ ብቻ ነው። ካላሰበህ የለህም።

ወርልድ ኦፍ ዋርክራፍት የሚባለው ትልቁ የኦንላይን ጌም በ2004 ሲወጣ አረንጓዴ ኦርክ መሆን ይቻል ነበር፣ ወይን ጠጅ ቆዳ ያለው ኤልፍ መሆን ይቻል ነበር። «ሰው» ለሚባለው ዘር ግን የጥቁር ሰው የፊት ቅርጽ፣ የጸጉር አሠራርና ተጨማሪ የቆዳ ቀለሞች የመጡት በ2020 ነው። ዘ ሲምስ 4 በ2014 ወጣ፤ ለጠቆረ ቆዳ የነበሩት ምርጫዎች ጥቂት ከመሆናቸውም በላይ አመድ የነፋባቸው ይመስሉ ነበር። ኩባንያው ከ100 በላይ አዳዲስ ቀለሞች የጨመረው በ2020 መጨረሻ ላይ ነው። በመሃሉ ያሉት ዓመታት እንዴት አለፉ ካላችሁ፣ ተጫዋቾች ራሳቸው ሠሩት። ኤክስሚራሚራ በሚል ስም የምትታወቀው አሚራ ቨርጂል «ሜላኒን ፓክ» ብላ የጥቁር ሰው የቆዳ ቀለሞችን ሠርታ ለሌሎች አጋራች። ጌሙ ውስጥ የሌለውን ራስ ሠርቶ መጨመር፤ «ሞድ» ማለት ይኼ ነው። ሰፍቶ መልበስ።

ጸጉርን በተመለከተ አንድ ነገር ላስረዳ፣ ሳይንሱ ስለሚገርመኝ። አብዛኛው ጌም ውስጥ ጸጉር አንድ በአንድ አይሠራም፤ ለኮምፒውተሩ ይከብደዋል። ጸጉር የተሳለባቸው ስስ ቁራጮች እንደ ሪባን ተደራርበው ጭንቅላቱ ላይ ይለጠፋሉ። ዘርፋፋ ጸጉር ለሪባን ይመቻል። የእኛ ጎፈሬ ግን ሪባን ላይ አይተኛም፤ ሹሩባ ደግሞ የራስ ቅሉን ተከትሎ መሄድ አለበት። ሥራው ስለሚበዛ ብዙዎቹ አንድ ድቡልቡል ነገር ሠርተው ጭንቅላት ላይ ይደፉበትና «አፍሮ» ይሉታል። እኛ አገር ሴት ልጅ ስትሠራ ግማሽ ቀን የሚፈጀውን አልባሶ በምርጫ ዝርዝር ውስጥ አገኛለሁ ብላችሁ አትፈልጉ።

እኛ ኢትዮጵያውያን እኮ በጌም ዓለም ጨርሶ የለንም ማለት አይደለም። በሲቪላይዜሽን 5 ላይ በ2012 አፄ ኃይለ ሥላሴ ገብተዋል፣ በሲቪላይዜሽን 6 ላይ በ2020 አፄ ምኒልክ ገብተዋል። ንጉሥ ሆነን ገብተናል። ባጃጅ ነጂ፣ ቲማቲም ሻጭ፣ የ10ኛ ክፍል ተማሪ ሆነን መግባት ነው የቀረን።

ወደ ተማሪዬ ልምጣ። 10ኛ ክፍል ነው፣ ስሙ ይቆይ። እኔ የማስተምረው አይሲቲ ነው፤ በዲፕሎማ የተመረቅኩ መምህር ነኝ፣ ፕሮፌሰር አይደለሁም፣ ግን የነቃ ልጅና የተኛ ልጅ እለያለሁ። ይኼ ልጅ የተኛ ነበር። ስለ ባይነሪ ቁጥር ሳስተምር ጭንቅላቱን ዴስኩ ላይ አድርጎ ያሳልፋል። አንድ ቀን ከክፍል በኋላ መጣና «ቲቸር፣ ለምንድነው 256 ወይም 512 ካልሆነ የማይቀበለው?» አለኝ። ምኑ? የልብሱ ሥዕል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቤታቸው አሮጌ ኮምፒውተር አለ፤ ጂቲኤ ሳን አንድሪያስ ይጫወትበታል። የ2004 ጌም ነው፣ አብዛኞቻችሁ ታውቁታላችሁ፤ ሲጄ የሚባለው ሰውዬ በርገር ሲበላ ይወፍራል፣ ጂም ሲገባ ጡንቻ ያወጣል፣ ጸጉር ቤት ይገባል፣ ልብስ ይገዛል። ልጁ ሲጄን ሽርጥ ሊያለብሰው ፈልጓል። የአያቱን ሽርጥ ግቢ ውስጥ ዘርግቶ በስልክ ፎቶ አነሳው፣ ፎቶውን ቆርጦ የሱሪው ሥዕል በነበረበት ፋይል ተካው። የሥዕሉ ስፋትና ቁመት ግን 2ን በተደጋጋሚ በራሱ በማባዛት የሚገኝ ቁጥር መሆን አለበት፤ 64፣ 128፣ 256፣ 512። እሱ 300 በ300 አድርጎ እየከተተ ጌሙ ይበላሽበታል። የኮምፒውተር ሜሞሪ ለምን በ2 እንደሚቆጥር ሰሌዳ ላይ ጻፍኩለት። 20 ደቂቃ አልፈጀም። ያንኑ ትምህርት ለሦስት ሳምንት ሰጥቼው ነበር እኮ!

ሌላው የገረመኝ የስፌቱ ነገር ነው። ጌም ውስጥ ያለ ሰውነት ልብሱ እንደ ብትን ጨርቅ ተፈትቶ ጠፍጣፋ ይዘረጋል፤ ፊት፣ ጀርባ፣ ጎን። አንተ ጠፍጣፋው ላይ ትሥላለህ፣ ኮምፒውተሩ መልሶ ይሰፋዋል። የሽርጡ መስመሮች መጋጠሚያው ላይ አልገጥም አሉት፤ አንዱ ከፍ አንዱ ዝቅ። ሦስት ሌሊት ለፍቶበታል። መፍትሔውን ያገኘው ከእኔ አይደለም፣ ከአጎቱ ነው። አጎቱ ልብስ ሰፊ ነው፤ ባለመስመር ጨርቅ ሲቆረጥ መጀመሪያ መስመሩ በየትኛው ቁራጭ የት ላይ እንደሚያልቅ ምልክት ይደረጋል አለው። ልጁ ያንን ኮምፒውተር ላይ አደረገው፣ ገጠመ።

በመጨረሻ ተሠርቶ አለቀ። ስልኩ ላይ ቀርጾ አሳየን። ሲጄ የአያቱን ሽርጥ ለብሶ መንገድ ላይ ይሄዳል፤ ቀለሙ ልክ ነው፣ መስመሩ ልክ ነው፤ ግን ሽርጡ ሁለት እግር አለው! ሱሪ ሆኗል። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ፤ «ፒጃማ! ፒጃማ!» አሉት። ምክንያቱም ልጁ የቀየረው ጨርቁን እንጂ ቅርጹን አይደለም። ቅርጹን ለመቀየር በሦስት አቅጣጫ የሚሠራ ሞዴል መሥራት ያስፈልጋል፣ ከዚያም ሞዴሉን ከውስጥ ካለው አጽም ጋር ማያያዝ፣ ሲራመድ ጨርቁ እንዴት እንደሚወዛወዝ መንገር። ልጁ ሲስቁበት አልተናደደም። «ቲቸር፣ አጥንቱን እንዴት ነው የማስረው?» አለኝ።

እኔ አላውቅም። ለዚህ ነው ይኼን ሁሉ የምጽፈው፤ መጨረሻ ላይ እመጣበታለሁ።

የሞድ ነገር ኦንላይን ላይ ሲሆን ይወሳሰባል። ሞዱ ያለው አንተ ኮምፒውተር ላይ ነው። አንተ ራስህን በሽርጥ ታያለህ፣ አብሮህ የሚጫወተው ግን ዱሮ በነበርክበት ልብስ ነው የሚያይህ። ሳን አንድሪያስን ብዙ ሰው አንድ ላይ እንዲጫወተው ያደረገው ሳምፕ የሚባለው ሞድ ላይም እንዲሁ ነበር፤ አንዱ የአውቶቡስ ሹፌር፣ አንዱ ፖሊስ ሆኖ ሚና ይዞ ሲጫወት፣ ቤትህ የሰፋኸውን ልብስ ሌላው አያየውም። መስታወት ፊት ብቻ የሚለበስ ልብስ በሉት። ፋይናል ፋንታሲ 14 በሚባለው የጃፓን ኦንላይን ጌም ላይ ይኼን የሚፈታ ማሬ ሲንክሮኖስ የሚባል ሞድ ተሠርቶ ነበር፤ የተስማማችሁ ጓደኛሞች አንዳችሁ የሌላችሁን ሞድ እንድታዩ ያደርጋል። በኦገስት 2025 ከኩባንያው በኩል በመጣ ሕጋዊ ጥያቄ ተዘጋ። ኩባንያው ሞድን ከመጀመሪያውም በደንቡ አይፈቅድም። ራሱ ልብስ ሻጭ መሆኑንም አትርሱ፤ ሱቁ በር ላይ የስፌት መኪና ሲዘረጋ የሚወድ ነጋዴ የለም።

የሚፈቅዱም አሉ። ሮብሎክስ ላይ የሸሚዝ ሥዕል ራስህ ሠርተህ ማስገባት ትችላለህ፤ ለማስገቢያ 10 ሮበክስ ይከፈላል፣ ከዚያ ሌላው ሰው ሁሉ ያየዋል። አንዲት የ9ኛ ክፍል ተማሪዬ ከእናቷ ቀሚስ ላይ ያለውን ጥለት እየቆጠረች፣ ነጥብ በነጥብ፣ 585 በ559 በሆነው የሸሚዝ ቅጽ ላይ አስገብታዋለች። ለምን ፎቶ አላነሳሽውም ብላት «ፎቶ ይደበዝዛል፤ ደግሞ ሸማኔውም እኮ ቆጥሮ ነው የሚሠራው» አለችኝ። ይኼን ያለችው የ15 ዓመት ልጅ ናት።

አሁን «ሞድ» በሚል ስም የሚመጣውን ክፉ ነገር ልናገር፤ ተማሪዎቼ፣ ይኼ ለእናንተ ነው። ግድግዳ አሳልፎ የሚያሳይ፣ ጥይት ራሱ የሚያነጣጥር ሞድ ስፌት አይደለም፤ ኩረጃ ነው። ፈተና ላይ የምቀጣችሁን እዚያም ብትቀጡ አላዝንም። ሁለተኛው «ያልተገደበ ዳይመንድ» የሚል በቴሌግራም የሚዞር ፋይል ነው። ልብ በሉ፤ ዳይመንዱ ያለው ስልካችሁ ላይ አይደለም፣ ኩባንያው ሰርቨር ላይ ነው። ስልካችሁ ላይ የሚታየው ቁጥር ደረሰኝ ነው። ደብተራችሁ ላይ «ባንክ 1 ሚሊዮን ብር አለኝ» ብላችሁ ብትጽፉ ባንኩ ይሰጣችኋል? ታዲያ ያ ፋይል ምን ይሠራል ካላችሁ፣ ሲጫን የሚጠይቃችሁን ፈቃድ አንብቡ። አጭር መልእክት ላንብብ፣ ስክሪንህን ልቆጣጠር ይላል። ለልብስ ምን ያደርግለታል? የባንክ ማረጋገጫ ቁጥር የሚመጣው በአጭር መልእክት ነው። ያንን ፋይል በእናታችሁ ስልክ ላይ የጫናችሁ ዛሬውኑ አጥፉት።

ባልደረባዬ ክርክሩ ላይ የጠቀሰው ትልቁ ነጥብ ውጤት ነው። እውነቱን ነው፤ በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ነበሩ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ። «በዚህ ላይ ጌም ጨምርበት» አለ። ግን እስቲ እናስብ፤ የወደቁት ሁሉ ጌመኛ ነበሩ? ስልክ አይተው የማያውቁ የገጠር ልጆች እኮ አብረው ወድቀዋል። ደግሞ ያ 96 እና 97 በመቶ የሚሆነው ልጅ የት ይሂድ? መንግሥት በ2016 ዓ.ም. ክረምት የአምስት ሚሊዮን ኮደሮችን ፕሮግራም ሲጀምር ተማሪዎቼን አስመዝግቤያለሁ፤ ጥሩ ነገር ነው፣ በነጻ ነው። የጎደለው አንድ ነገር ነው፤ ብዙዎቹ ትምህርቱን ከፍተው የሚቀመጡት ምን እንደሚሠሩበት ሳያውቁ ነው። የሽርጡ ልጅ ግን ምን እንደሚሠራ ያውቃል፣ ትምህርቱ ነው የጠፋበት።

ከቁም ነገር የማይቆጠር መስሏችሁ ከሆነ፣ ልጆቹ የሚጫወቱት ፐብጂ ራሱ ከየት እንደመጣ ልንገራችሁ። ብሬንደን ግሪን የሚባል አየርላንዳዊ አርማ 2 የሚባለውን የወታደር ጌም መሠረት አድርጎ በትርፍ ጊዜው ሞድ ሠራ። ጌም ኩባንያ ውስጥ የሚሠራ ሰው አልነበረም፣ ድረ ገጽ ይሠራ ነበር። «የመጨረሻው ሰው ያሸንፋል» የሚለውን አጨዋወት እያሻሻለ ሄደና በኮሪያ ኩባንያ ተቀጥሮ በ2017 ፐብጂን አወጣ። ካውንተር ስትራይክም በ1999 የሃፍ ላይፍ ሞድ ሆኖ ነው የተጀመረው። ልጆቻችን ገዝተው የሚያለብሱባቸው ጌሞች በሰፊዎች የተሠሩ ናቸው። እያንዳንዱ ልጅ ብሬንደን ግሪን ይሆናል አላልኩም፤ የሐረር ሰፊም ሁሉ ባለ ፋብሪካ አልሆነም። ግን መኪና ግርግር ስንት ቤት እንዳኖረ ታውቃላችሁ።

ስለዚህ ያሰብኩት ይኼ ነው። ቅዳሜ ከ3 እስከ 6 ሰዓት የአይሲቲ ክፍሉን ለመክፈት ተፈቅዶልኛል። ስልክ ላይ ጌም መጫወት የለም፤ መሥራት ብቻ። ለሥዕሉ ጂምፕ፣ ለሞዴሉ ብሌንደር፤ ሁለቱም በነጻ የሚገኙ ናቸው፣ በፍላሽ አለኝ። የሚሠሩት ኮምፒውተሮች ስድስት ናቸው፣ ልጆቹ እስካሁን አሥራ አራት ተመዝግበዋል፤ ማውዝ የተረፋችሁ ብታመጡልን አንጠላም። የልጁ አጎት አንድ ቅዳሜ መጥቶ ጨርቅ አቆራረጥ ሊያሳያቸው ተስማምቷል፤ የቀን ገቢው እንዳይቀርበት ትራንስፖርትና ምሳ እኔ እችላለሁ።

ብሌንደር ላይ ሞዴል ከአጽም ጋር ማያያዝ የምትችሉ የድሮ ተማሪዎቼ ግን እናንተን ነው የምፈልገው። አርክቴክቸር የተማራችሁ አላችሁ፣ አዲስ አበባ አኒሜሽን ቤት የምትሠሩ አላችሁ፣ ውጭ ያላችሁም አላችሁ። በአካል ካልሆነ በቴሌግራም ቪዲዮ ሁለት ሰዓት ይበቃናል፤ ዳታውን እንሞላለን። ኢንቦክስ አድርጉልኝ። ሽርጡ እስካሁን ሱሪ ነው።